አምስት ነጭ መስመሮች

«ለሐዘንተኛው ሕዝብ በሙሉ! ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ ባሕር ተሻግራችሁ ለመጣችሁም ጭምር! ትናንት ከሰዓት በኋላ ከትልቁ ድስት የተለየው ክዳን እስከ አሁን ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ክዳኑ አሉሚኒየም ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ በስተግራ ትንሽ ጎድጎድ ያለ፣ ጠባዩ መልካም። የሟች ታላቅ እኅት፣ የዚህ ሐዘን አዛዥና ናዛዥ አክስታችን ሜሌናይቴ፣ ወሳጁ እስከ ማታ ካልመለሰው ስሙ በጸሎት ላይ ይነሣል ብለዋል። የነቃ ላንቀላፋው ይንገር!»

ኢኖኬ ይህን ያወጀው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቆሞ ነው። አድማጮቹ አሥራ አንድ የኩሽና ሰዎች፣ ሁለት ውሾችና ለነገ የታሰረ አንድ አሳማ ነበሩ። ሐዘን ላይ መሳቅ ነውር ስለሆነ ሁሉም አቀርቅሮ ትከሻውን ብቻ አንቀጠቀጠ።

የፌሌቲ ትከሻ አልተንቀጠቀጠም። ከጉድጓድ ምድጃው አፍ ላይ ቆሞ የጋሉትን ድንጋዮች በረጅም እንጨት ያገላብጥ ነበር። የሟቹ የኬሌፒ በኩር ነው፤ በኩር ስለሆነም ቦታው ጭሱ ውስጥ ነው። ልጅ ከአባቱ በታች ነው። አባት ሲሞት የዝቅታውን ልክ የሚያሳይ አሮጌ ቡትቶ ሰሌን ከብብቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ታጥቆ ከቤት ውጭ ያበስላል። በሬሳው ራስጌ የምትቀመጠው የሟች እኅት ናት። ልጅ የአባቱን ትራፊ አይበላም፣ ትራሱ ላይ አይተኛም፣ ራሱን በሕይወትም በሞትም አይነካም። ፌሌቲ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ሴት ልጁን ድሯል። እስካለፈው እሑድ ድረስ የአባቱ ፀጉር ምን እንደሚመስል በጣቱ አያውቅም ነበር።

ኢኖኬ ከባልዲው ወርዶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። የአጎቱ ልጅ ነው፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ወሬ የሚደርሰው በእሱ በኩል ነው።

«ሁለተኛውን አዋጅ አልሰማህም» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሱን ባልዲ ላይ ቆሜ አላወጅም።»

«ምን?»

«አክስታችን ትናንት ሬሳውን ሊያጥቡ ሲገልጡት ደረቱ ላይ ሰንበር አዩ። አምስት ነጭ መስመር፣ አጠገብ ላጠገብ፣ በማስመሪያ የተሠመረ የሚመስል። ዙሪያው በሙሉ ጠቁሯል፤ ፊቱም እንደዚያው። ጀርባው ግን ንጹሕ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ‹ይህን ሐኪም ሳያይ አልቀብርም› አሉ። ሬሳው አሁን ሆስፒታል ነው። በደረቱ ደፍቶ የተጫነው ሰው አለ ይባላል። በትራስ።»

«ማን ይላል?»

«ማንም አይልም። ሁሉም ግን ሰምቷል።»

ፌሌቲ አንድ ድንጋይ አገላበጠ። ድንጋዩ መገልበጥ አያስፈልገውም ነበር።

«የሚመረምረው ማነው?»

«ያቺ ያንተ ተማሪ ናት አሉ። ሎሴሊ። ዶክተር ሆና የተመለሰችው… ኧረ እንጨትህ! መምህር! እንጨትህ እሳት ውስጥ ገባ!»

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ ዝንብ እንኳ በሙቀቱ በደከመበት አንድ ከሰዓት፣ ፌሌቲ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሰው ሥሎ ነበር። ሥዕሉ እግር ያወጣ ጎደሬ ይመስላል።

«ልብ ሲቆም ደም ሥራ ይፈታል» አለ ለተማሪዎቹ። «የሚገፋው የለምና ጽዋ ውስጥ እንደቀረ የካቫ መጠጥ አተላ ወደ ታች ይዘቅጣል። ሰውየው በጀርባው ከተኛ ጀርባው ይጠቁራል፤ በሆዱ ከተኛ ሆዱ። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብታገላብጡት ደሙም አብሯችሁ ይገለበጣል። ስምንት አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ቀለሙ ሥጋው ውስጥ ይቀራል፤ ብታገላብጡትም አይሰማችሁም።»

ከኋላ ወንበር አንዲት ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ የተኛበት ነገር ሸካራ ቢሆንስ?»

«ጎሽ! ተጭኖ የቆየው ቦታ ደም አይገባበትም፤ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሬሳ የተኛበትን ነገር ማኅተም በገላው ይዞ ይሄዳል።»

ልጅቷ ጻፈች። ሎሴሊ የጻፈችውን የማትረሳ ልጅ ነበረች፤ በዚያን ጊዜ ይህ ፌሌቲን እጅግ ደስ ያሰኘው ነበር።

አሁን እሳቱ ዳር ቆሞ ማኅተሙ የምን እንደሆነ አወቀ። የአባቱ ትንሽ ጀልባ ወለል ጣውላ ነው። ጣውላው አምስት ነው።

ረቡዕ ሬሳው ከሆስፒታል ተመለሰ፤ ሳጅን ሆፖአቴም ተከትሎት መጣ። ሳጅኑ በበር በጎኑ የሚገባ ግዙፍ ሰው ነው። እንደ ደንቡ አንድ ጥቅል ምንጣፍና አንድ ካርቶን የቆርቆሮ ሥጋ አቀረበ፣ እንደ ዘመድ አለቀሰ፣ እንባውን ጠረገ፣ በዚያው መሐረብ እርሳሱን ወልውሎ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

የጠየቀው ቫሲቲን ነው። ቫሲቲ የኬሌፒ ሁለተኛ ሚስት ናት፤ ከባሏ በሃያ ዘጠኝ ዓመት ታንሳለች፤ የመጣችውም ከሌላ ደሴት ነው። እነዚህ በመንደራችን ሚዛን ሦስት ማስረጃዎች ናቸው።

ፌሌቲ የተቀቀለ ቦዬ በትልቅ ትሪ ተሸክሞ ከመስኮቱ ውጭ ቆሞ ነበር። የኩሽና ሰው ስለሆነ መግባት አይችልም፤ መስኮቱ ግን መጋረጃ እንጂ መስታወት የለውም።

«መቼ ነው የተኙት?» አለ ሳጅኑ።

«ቅዳሜ ማታ።»

«እሑድ ጠዋትስ?»

«ራሱን አሞት ነበር። አልተነሣም።»

«ጭራሽ ከአልጋው አልወረዱም?»

«አልወረደም።»

«በጀርባቸው ነበር የተኙት ወይስ በሆዳቸው?»

አንድ ዝንብ ከቦዬው ላይ ተነሥቶ ተመልሶ አረፈ።

«በጀርባው» አለች ቫሲቲ።

እርሳሱ ተንጫጫ። ከራስጌው በኩል የአክስት ሜሌናይቴ ድምፅ መጣ፣ ደረቅና ቀስ ያለ፦ «ወንድሜ አርባ ዓመት ሙሉ በሰንበት ከቤተ ክርስቲያን የቀረው አንድ ቀን ነው። ያ ቀን ምን እንደሆነ ንገሩኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ቫሲቲ ዋሽታለች። ፌሌቲ ደግሞ መዋሸቷን የሚያውቅ፣ በሕይወት ያለ ብቸኛ ሰው ነው።

ኬሌፒ የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ነበሩ፣ ከሁሉ በላይ ግን የሰንበት ዘበኛ። እሑድ መሥራትን ሕግም ይከለክላል፤ ኬሌፒ ግን ሕጉ ያልደረሰበት ሁሉ ይደርሱ ነበር። ገመድ ላይ የተረሳ አንድ ካልሲ፣ ከሩቅ የተሰማ የመዶሻ ድምፅ፣ የኢኖኬ እናት ሰኞ ሊገባ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ያነሣችው መጥረጊያ፣ ሁሉም በትንሽ ወረቀት ተጽፎ በሚቀጥለው እሑድ ከመድረክ ይነበባል። ስሙ ተነብቦ የማያውቅ ቤት በመንደሩ የለም። አሁን ሊያለቅስላቸው የመጣው ሰው እንኳ ልብሱን ካሰጣበት አግብቶ ነው የመጣው።

አንድ ጊዜ፣ ፌሌቲ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ፣ እሑድ ከሰዓት የመርፌ ቁልፍ አጥፎ መንጠቆ ሠራና ባሕሩ ዳር ጣለ። አንድ ዓሣ ያዘ፤ ጣት የምታህል። በሚቀጥለው ሳምንት አባቱ መነጽራቸውን አስተካክለው ወረቀታቸውን ዘረጉ። «ፌሌቲ፣ የኬሌፒ ልጅ» አሉ ድምፃቸው ሳይለወጥ። «አንድ ዓሣ።» ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ዞሮ አየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፌሌቲ ዓሣ ሲበላ አንገቱ ይሞቀዋል።

እንግዲህ ያ እሑድ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ መንደሩ የምሳው ብዛት ጥሎት በየምንጣፉ ተዘርግቷል፤ ያልተኛው ደግሞ የከሰዓቱ አገልግሎት ላይ ነው። ፌሌቲ ሊያጨስ ባሕሩ ዳር ወደሚበቅለው የማንግሮቭ ጫካ ወረደ። በዚህ ዕድሜው አባቱን ፈርቶ ተደብቆ ነው የሚያጨሰው። ክብሪቱን ሊጭር ሲል ከዛፎቹ ሥር መዝሙር ሰማ። ቀጭን፣ የራቀ፣ ብዙ ሰው የሚዘምረው መዝሙር። ፀጉሩ ቆመ። ሊሮጥ አሰበ፤ እግሩ ግን ወደ ድምፁ ሄደ።

ጀልባዋ ከሥሮቹ መካከል ጥላ ውስጥ ተሸሽጋ ነበር። ትንሿ ሬዲዮ መቀመጫው ላይ ሆና የዋናውን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ታሰማለች። አባቱ በደረታቸው ወለሉ ላይ ወድቀዋል፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ሰማያዊ ክራቫት፣ ወገባቸው ላይ የክት ሰሌናቸው። የመንጠቆው ክር በእግር አውራ ጣታቸው ላይ ታስሯል። ባልዲው ውስጥ ሦስት ዓሦች አሉ፤ ጣት ጣት የሚያህሉ።

ፌሌቲ መጀመሪያ ያሰበው ‹አባቴ ሞተ› ብሎ አልነበረም። መጀመሪያ ያሰበው ‹ሰው እንዳያይ› ብሎ ነው። በዚያ ሐሳብ ምክንያት ለቅሶው ጉሮሮው ላይ ቆሞ ቀረ።

ሬዲዮዋን ዘጋ። ዓሦቹን ወደ ውኃው መለሰ፤ ሞተው ስለነበር ተንሳፈፉ። ከቤት የእጅ ጋሪ አመጣ። አባቱ ደርቀዋል፤ ጉልበታቸው እንደታጠፈ አልፈታ ብሏል። ጡንቻ ለምን እንደሚደርቅ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚላላ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሯል፤ ያን ጊዜ ግን አንድም ቃል አልመጣለትም፤ «አባዬ፣ ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ዘርጋ» እያለ ይለምን ነበር። አንሥቶ ጋሪው ላይ ሲያኖራቸው ራሳቸው ጠርዙን ሊመታ ሆነ፤ በግራ እጁ ደገፈው።

ፀጉራቸው ለስላሳ ነበር። ይህን ማንም ነግሮት አያውቅም።

በሰሌን ሸፍኖ፣ የጋሪው ጎማ በየእርምጃው እየጮኸ፣ በተኛው መንደር መካከል ገፋቸው። አልጋቸው ላይ በጀርባቸው አስተኛቸው፣ ከታጠፈው ጉልበት ሥር ትራስ አደረገ፣ ክራቫቱን ፈታ። ሁሉም ነገር የተስተካከለ መሰለው። የባዮሎጂ መምህሩ ደምን ረስቶ ነበር።

ሐሙስ ቀበሯቸው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፣ የተከበሩት በሚያርፉበት ረድፍ። ፌሌቲ እንደ ሥርዓቱ ከሰዉ ሁሉ ኋላ ቆሞ ነበር፤ ያየው የሰው ጀርባና አንድ አካፋ ብቻ ነው። ሰዉ ሲበተን ከዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ጠበቀችው።

«መምህር።»

«ሎሴሊ። ትልቅ ሰው ሆነሻል።»

«ነፍስ ይማር። በጣም አዝኛለሁ።» ከዚያ እግሯ ሥር ያለውን ቅጠል አየች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ሳጅኑ ‹ፍራሽ ላይ የሞተ ሰው ደረቱ ላይ መስመር ከየት ያመጣል?› ይለኛል። ምን ልመልስለት?»

«ሐኪሟ አንቺ ነሽ።»

«ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ከመቃብሩ በኩል የአካፋ ድምፅ መጣ። ፌሌቲ እጆቹን ሰሌኑ ውስጥ ደበቀ።

«በደረታቸው ወድቀው ለአሥር ሰዓታት ያህል ቆይተዋል» አለች፣ ፈተና እንደምትመልስ ልጅ። «የሞቱት ንጋት ላይ ነው። ጉልበታቸው ታጥፎ ደርቋል። ሆዳቸው ባዶ ነው፤ የእሑድ ምሳ ቀርቶ ቁርስም የለም። ዐይናቸው ውስጥ፣ ታፍኖ በሞተ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ የምናየው የደም ነጥብ የለም። ሳንባቸውም ውኃ የለውም። የልባቸው የደም ሥር ተዘግቷል ብዬ አስባለሁ፤ የሥጋውን ቁራጭ ለማረጋገጫ ባሕር ማዶ ልኬዋለሁ፣ ለቀብሩ አሥረኛ ቀን ይደርሳል። በቀኝ እጃቸው ጥፍር ሥር ደግሞ ቅርፊት አግኝቻለሁ።»

«የምን ቅርፊት?»

«የዓሣ።»

«ዓሣ ቅዳሜም ይበላል» አለ ፌሌቲ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም።

«ይበላል።» ቀና ብላ አየችው፤ ያ የኋላ ወንበር አስተያየት ነው። «ያየሁትን እጽፋለሁ፣ መምህር። ያላየሁትን አልጽፍም። እርስዎ ነዎት እንደዚያ ያሉን። ግን አሥር ቀን ብዙ ነው። እስከዚያ ሰዉ ሚስትየዋን በዐይኑ ይጨርሳታል።»

እንዳለችውም ሆነ። ከቀብሩ በኋላ ባሉት ቀናት ቫሲቲ የቀዳችውን ሻይ የሚጠጣ ጠፋ። የተቀመጠችበት ምንጣፍ ከሌሎቹ ምንጣፎች በራሱ ጊዜ የሚርቅ ይመስል ነበር። ከሩቅ ለመጣች አንዲት እንግዳ ትራስ ብታቀርብላት እንግዳዋ በትሕትና «ተባረኪ፣ እኔ ያለ ትራስ ነው የምተኛው» አለቻት፤ ቤቱ በሙሉ አቀርቅሮ ምንጣፍ ቆጠረ። ኩሽና ውስጥ ደግሞ ሁሉም ሰው የሕክምና ሊቅ ሆኖ ነበር።

«ሰው ሲታፈን ይጠቁራል» ይላል አንዱ።

«መስመሩስ?»

«የአልጋው ሽቦ ነዋ።»

«አልጋው ሽቦ የለውም።»

«እንግዲያው ያሰበችበት ነገር ነው!»

ፌሌቲ አስረድቶ ዝም ሊያሰኛቸው ይችላል፤ በአምስት ደቂቃና በአንድ ቁራጭ ከሰል። ግን የመጀመሪያውን መስመር የሠመረ እንደሆነ ቀጣዩ ጥያቄ ‹ታዲያ የት ወድቀው ነበር?› ነው። ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ ሰንበት፣ ከዚያ በአባቱ ስም የአርባ ዓመት ሣቅ። ከሁሉ በታች ደግሞ፣ ለራሱም ሊናገረው የሚፈራው፦ ራሳቸውን የያዘች ግራ እጁ። ስለዚህ ጎደሬ ላጠ። ከብዙ ፍርሃት የተነሣ የላጠው ጎደሬ ለሁለት ሐዘን ይበቃ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ከዝናብ ውኃ ታንከሩ ሥር ባልዲ ሲሞላ ቫሲቲ ባዶ ማሰሮ ይዛ መጣች። ዙሪያዋን አየች።

«ክራቫቱን የት አደረግከው?» አለች።

ውኃው ከባልዲው ሞልቶ እግሩ ላይ ፈሰሰ። ቧንቧውን መዝጋት አልታሰበውም።

«የምን ክራቫት?»

«ሰማያዊውን። ሸሚዙን እኔ ከገላው ቀድጄ አውጥቼ ደብቄዋለሁ፤ ጨው ጨው ይሸት ነበር። ክራቫቱ ግን አልነበረም። ሌባ ክራቫት ፈትቶ፣ ከጉልበት ሥር ትራስ አድርጎ አይሄድም።» ቧንቧውን ዘጋችለት። «አንተ ነህ ያመጣኸው።»

«ታውቂ ነበር?»

«አሥራ አንድ ዓመት። ሳይነጋ ይወጣል፤ ከሁለተኛው ደወል በፊት ይመለሳል፤ እጁን በሎሚ ይታጠባል። ያን ቀን ደወሉ ተደወለ፣ አልመጣም። ለሰዉ ‹ራሱን አሞታል› አልኩ። ከአገልግሎት እንደወጣሁ ዳርቻው ላይ ሄጄ ፈለግኩ፤ ጀልባዋን አጣኋት። መጣራት አልችልም። ባሌን በሰንበት ከባሕር ልጣራው? ተመልሼ ከሰዓቱ አገልግሎት ገብቼ ዘመርኩ። ምን ላድርግ? ዘመርኩ።»

ማሰሮዋን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ለምን ነበር የሚሄደው?» አለ ፌሌቲ።

«ጠይቄው አላውቅም።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ?»

«አንተስ በአርባ ስምንት ዓመት ምን ጠየቅከው?»

ቫሲቲ ማሰሮዋን ከቧንቧው ሥር አደረገች።

«ሳጅኑ ቅዳሜ ይመጣል» አለች፣ ውኃውን እያየች። «ይወስደኛል። ይውሰደኝ። እኔ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ባዕድ ነኝ፤ የሚጠፋብኝ ስም የለኝም። እሱ ግን የአርባ ዓመት ስም አለው። ብትናገር ስሙ የተነበበበት ሰው ሁሉ ነገ መቃብሩ ላይ መንጠቆ ይሰቅልበታል። አደራህን።»

«ግን ሰው ገድላለች ይሉሻል።»

«አሁን ምን እያሉኝ ነው?»

ሄደች። ፌሌቲ በመጀመሪያ የተሰማው እፎይታ ነበር፤ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ሙሉ፣ ጣፋጭ እፎይታ። ቀጥሎ እንዲህ በመሰማቱ ዐይኑን የሚያስቀምጥበት አጣ።

የቀብሩ አሥረኛ ቀን ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ሴቶቹ በዘይት የተወለወሉ ጥቁር ጠጠሮች መቃብሩ ላይ አነጠፉ፤ እኩለ ቀን ላይ ቤቱ በሰው ሞላ። አክስት ሜሌናይቴ በላይኛው ምንጣፍ ላይ፣ ፊታቸው ቦዬና የኮኮናት መረቅ ቀርቦላቸው፣ ተቀምጠዋል። ሳጅን ሆፖአቴ በጎኑ ገባ። ሎሴሊ ተከተለችው።

ወረቀቷን ቆማ አነበበች። ልብ ነው አለች። ዋናው የደም ሥር ተዘግቶ ነበር፤ ማንም አላፈናቸውም፣ ማንም አልመታቸውም። ነጩ መስመር ሰንበር አይደለም፤ ከሞቱ በኋላ የተኙበት ነገር ተጭኖት ደም ያልገባበት ቦታ ነው። ቤቱ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ወጣ፤ ከትንፋሹ ውስጥ ጥቂት ቅሬታ አልጠፋም፤ ለአሥር ቀን የተደከመበት ወሬ ነበርና።

«እሺ፣ ልብ ነው» አለ ሳጅኑ፣ ደብተሩን ገልጦ። «ግን እኔ የያዝኩት ቃል ‹በጀርባው ተኝቶ ከአልጋ አልወረደም› ይላል። ሬሳው ደግሞ ‹ለአሥር ሰዓታት በደረቴ ጣውላ ላይ ነበርኩ፣ ከዚያ ሰው አመጣኝ› ይላል። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። ሬሳ ሲዋሽ አጋጥሞኝ አያውቅም።» ወደ ቫሲቲ ዞረ፤ ድምፁ ክፉ አልነበረም። «እመቤት፣ ጣቢያ ሄደን ብንነጋገር ይሻላል። ቅያሪ ልብስ ይያዙ።»

ቫሲቲ ተነሣች። ቅያሪ ልብሷን አስቀድማ አሥራ ከጎኗ አስቀምጣው ነበር።

ፌሌቲ በሩ ላይ ነበር፣ የሚገባ ትሪ ለሌላ ሰው እያቀበለ። ‹አሁን ትወጣለች› አለ በሆዱ፣ ‹ትወጣና ያልፋል›። ከዚያ እግሩ ደፉን ተሻገረ፤ ቡትቶ ሰሌኑ ንጹሑን ምንጣፍ እየጠረገ፣ የኩሽና ሰው ገብቶ ከማያውቅበት መካከል ቆመ።

«አንተ!» አለች አንዲት አሮጊት። «ወዴት ነው?»

«እኔ ነኝ ያነሣኋቸው» አለ ፌሌቲ።

ሳጅኑ እርሳሱን አቆመ። «ማንን?»

«አባቴን። ሞተው አገኘኋቸው። አንሥቼ አልጋቸው ላይ አስተኛኋቸው። እሷ አልነበረችም፤ አልነካቻቸውም። እኔ ነኝ። በእነዚህ እጆች። ራሳቸውንም ነክቻለሁ።»

ግድያ ሲጠረጠር እንኳ ካቫ መጠጣቱን ያላቋረጠ ቤት አሁን አቋረጠ። አንድ ሰው ጽዋውን መሬት አስቀመጠ። አንዲት ሴት ሕፃኗን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

«ራሱን?» አሉ አክስት ሜሌናይቴ።

«አዎ፣ አክስቴ።»

«በየትኛው እጅህ?»

«በግራው።»

«ቅረብ።»

በጉልበቱ ሄደ። ሊመቱት ይችላሉ፤ ከቤት ሊያወጡት፣ ከአባቱ ስም ሊነቅሉት ይችላሉ፤ ሥልጣኑ አላቸው። ከፊታቸው ሲደርስ አንገቱን ደፋ። አክስቱ ግራ እጁን ያዙና እንደ ደብዳቤ ገልብጠው መዳፉን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«የሬሳ ራስ የነካ እጅ ወደ አፍ አይሄድም» አሉ። «በአያቶቻችን ጊዜ እንዲህ ያለው ሰው ወራት ሙሉ ሰው ያጎርሰዋል። አንተ ስንት ቀን በእጅህ በላህ?»

«አሥራ ሦስት።»

«ባለጌ።»

ከሳህናቸው ቦዬ ቆረሱ፣ ከኮኮናቱ መረቅ አጠቀሱ። «አፍህን ክፈት።»

ከፈተ። አጎረሱት። ጣታቸው ከንፈሩ ላይ ጥቂት ቆየ። ከጉሮሮው ላይ የቆመው ነገር ያኔ ነው የወጣው። ፌሌቲ ሁለት እጆቹን ከጀርባው አድርጎ፣ አፉ ሞልቶ፣ እንባው ከቦዬው ጋር እየተቀላቀለ፣ እንደ ትንሽ ልጅ አለቀሰ።

ሳጅኑ አንድ እርምጃ ቀረበ። «መምህር፣ ከየት ነው…»

«ቆይ አንተ» አሉ አክስት ሜሌናይቴ ዞር ሳይሉ። «አፉ ውስጥ ምግብ አለ።»

ሳጅኑ ቆየ። ቤቱ በሙሉ አንድ ሰው ሲያኝክ ጠበቀ። ቫሲቲ ጥቅሏን እንደያዘች ቆማለች። ሎሴሊ ወረቀቷን ታያለች። ኢኖኬ የፌሌቲን አፍ ያያል፣ ሌሎቹም እንዲሁ፤ ስማቸው ከዚያ መድረክ የተነበበባቸው ሁሉ።

ፌሌቲ ዋጠ።

«እሺ» አለ ሳጅኑ። «ከየት ነው ያነሣሃቸው?»

«ከሞቱበት።»

«የት ነው የሞቱት? ለምንስ አነሣሃቸው?»

«አልናገርም።»

«ጣቢያ ይዤህ ልሄድ ነው።»

«እንሂድ።»

«ዳኛ ፊት ያቆሙሃል፤ ዳኛው ይጠይቅሃል።»

«ለዳኛም አልናገርም።»